አንድ ክዳን ጠበል

«ውሃውን ራስሽ ነሽ የጨመርሽበት አሉኝ» ስትል ሰማኋት። የልጄ ልጅ ብሩክታዊት ናት። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ እኔ እንዳልሰማ ቧንቧውን ለቃ ነው ለእናቷ በስልክ የምትነግራት። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ሳጠልቅ ነበር። የዚህ፣ ኦስሎ ዳርቻ ግሮሩድ ያለው ቤታችን ግድግዳ እንደ ካርቶን ነው፤ ከላይ ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ፤ ቧንቧ ምኑን ይሸፍነዋል? አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላው በእጄ እንደተንጠለጠለ ቀረሁ። «አጭበርባሪ ነሽ ነው ያሉኝ እኮ እማ» አለች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋና የውሃው ብቻ ቀረ። ይቺ ልጅ ትንሽ ሆና የባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያው፣ አሻንጉሊት ኪሷ ውስጥ ተረስቶ ቢያድርባት፣ ሳልመልስ ቁርስ አልበላም ብላ በዚያ በረዶ ያስወጣችኝ ልጅ ናት። አጭበርባሪ! እሷን!

የሰማሁትን ቁርጥራጭ አንድ ላይ ሳደርገው ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩኬ የመርከብ ሞተር ነው የምትመራመረው፤ ዶክትሬቷን በዚያ እየሠራች ነው። ሰው «የልጅ ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ዘይት ታያለች» እላለሁ። ሐኪም የሰው ደም ወስዶ እንደሚመረምር፣ እሷም ከሞተሩ ትንሽ ዘይት በጠርሙስ ትቀዳና ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ምን ያህል እንደተበላ ከዘይቱ ታነባለች። ንዝረቱንም ትለካለች። በፊዮርዱ፣ ወደ ከተማው በሚገባው የባሕር ክንድ፣ ላይ ሰው የምታመላልስ አንዲት አሮጌ መርከብ አለች፤ የእሷን ንዝረት ለክታ፣ ሞተሩ ከመርከቧ ወለል ጋር የተበየደበት አንድ ጥግ ደህና አይደለም፣ ብየዳው ሳይሰነጠቅ አይቀርም፣ ሞተሩ ይቁምና ቀለሙ ተፍቆ ይታይ ብላ ነበር። የመርከቧ ባለቤቶች «አሮጌ መርከብ መቼ ሳይንቀጠቀጥ ያውቃል» ብለው ሳቁባት። በኋላ ግን ከሞተሩ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ከሚወጣው የማዞሪያ ዘንግ ከቀዳችው ዘይት ውስጥ ውሃ ተገኘ። ውሃ ሲባል ደነገጡ። ባሕሩ እየገባ ነው ማለት ነዋ! መርከቧን አውጥተው መሬት ላይ አቆሟት፤ ዘንጉን ፈቱት፤ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ የምታስገባ ቀዳዳ የለውም። ያንን ውሃ መልሰው ሲመረምሩት ደግሞ ጨው የለውም። የባሕር ውሃ አይደለም። ታዲያ ከየት መጣ? ጠርሙሱን ስትይዝ የነበረችው አንድ ሰው ናት። መርከቧ ትቁም እያለች ስትጨቀጭቅ የከረመችውም ያችው ናት። ዛሬ ረፋድ ላይ ስብሰባ ተጠርታለች፤ ካላስረዳች ትምህርቱም ሥራውም ስሟም አበቃ።

እኔ ግን ውሃው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ካልሲው ከእጄ ወደቀ። በሩ ተከፈተና ብሩኬ ፊቷን በፎጣ እንደሸፈነች ወጣች። «ብሩኬ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ከፈትኩና የወደቀውን ካልሲ ላነሳ አጎነበስኩ። ልጄ ትሙት፣ ልናገር ፈልጌ ነው። «ደህና ነኝ እምዬ፣ ብርድ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። ጫማዋን ሳታስር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የሠራሁላትን ማትፓከ፣ ምሳዋን፣ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ጥላው ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ በረዶ በቀዘቀዘበት ቁልቁለት ላይ እንደ ሽማግሌ እየተጠነቀቀች ወደ ቲባኔ፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ ጣቢያ ስትወርድ። እኔ አንድ እግሬ ባዶውን ቆሜ።

ወጥ ቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩት። ፍሪጃችን አሮጌ ነው፤ እኔ ሳልመጣ ሙሉ፣ ልጄ፣ የብሩኬ እናት፣ ከሆነ ኖርዌጂያዊ ጎረቤት የተረከበችው ነው። ውስጡ ያው ነው፤ ጎመን፣ ወተት፣ የሽሮ ድስት፣ ሙሉ በዋጋው እያማረረች የምትገዛው ቲማቲም። የበሩ መደርደሪያ ላይ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ፣ ባለፈው ሰሞን የብሩኬ ጥቋቁር ትንንሽ ጠርሙሶች ቆመው ነበር። ዓርብ ከመርከቧ ስትመለስ መሥሪያ ቤቷ ተዘግቶ ደርሳ ነው ወደ ቤት ያመጣቻቸው፤ «እስከ ሰኞ ናቸው እምዬ፣ እንዳትነኪያቸው» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ልጅቷን ሳይ ነበር። አትበላም። አትተኛም። ስለዚያ ሞተር ስታወራ ስለ በሽተኛ ነው የምታወራው። «ይንቀጠቀጣል» ትላለች፤ «ያተኩሰዋል» ትላለች፤ «ማንም አላመነኝም እንጂ ውስጡ ታሟል» ትላለች። ታዲያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያተኩሰው፣ ሐኪም ያላመነበት በሽተኛ ምን ይደረግለታል? ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ከሀገር ቤት በሰው እጅ የመጣልኝን የጊዮርጊስ ጠበል አወጣሁ፤ ያ ከፍል ውሃው የሚቀዳው፣ እንቁላል እንቁላል የሚሸተው ነው። ጠርሙሶቹን ለመክፈት ታገልኩ፤ ጣቶቼ እንደምታውቋቸው የአሮጊት ጣቶች ናቸው። አንዱ ተከፈተልኝ። በስመአብ ብዬ አንድ ክዳን ጠበል ጨመርኩበት። ውሃው እንደ ብር ዶቃ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት፤ ነቅነቅ አድርጌ ከደንኩት። ከዚያ ልቤ አርፎ ጎመኔን ከተፍኩ። እንዲያው በእግዚአብሔር፣ ለሞተር የጸለየ ሰው ጉዳት አደረሰ ይባላል?

ሙሉ ጋ ደወልኩ። ባርነሃገ ነው የምትሠራው፤ ከኋላዋ የሕፃናት ጩኸት ይሰማል። ነገርኳት። «እማ» አለች ቀስ ብላ፤ «በመድኃኔ ዓለም ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ።» «እንዴት አልናገር? ልጅቷን ሌባ ሊያደርጓት ነው እኮ!» «ብትናገሪ ምን ሊሉ ነው? ጠርሙሱን ቤቷ ወስዳ ከጎመን ጋር ማስቀመጧ ራሱ አይፈቀድም። ያ ብቻ ያስባርራታል። ደግሞ ጠበል ምን እንደሆነ ማን ያስረዳቸዋል? ጠንቋይ ቤት ነው ያደገችው ሊሏት ነው። መሣቂያ ሊያደርጓት ነው። ዝም በይ፤ እሷ ታውቅበታለች።» አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማና «ኮም ዳ፣ ኮም ዳ»፣ ና ና፣ እያለች ስልኩን ዘጋችው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሙሉ ልክ ልትሆን ትችላለች፤ እዚህ ሀገር ብዙ ኖራለች፤ እኔ የሰውን ፊት እንጂ የሰውን ሕግ አላውቅም። ግን አጭበርባሪ የሚለው ቃል ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደ ጢስ ቀርቶ አላስተነፍስ አለኝ። ሥርዓት አታውቅም መባልና አጭበርባሪ መባል አንድ ነው? አንዱ ይታጠባል፤ ሌላው ይነቀሳል።

ጠበሉን በሻርፕ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ያቺን ባለ ሹል ብረት የበረዶ መራመጃ ከጫማዬ ስር አሰርኩና ደረጃውን ስወርድ ዘይነብ ላይ ደረስኩባት። ከእኛ በታች ነው የምትኖረው፤ የወሎ ልጅ ናት፤ ቶየን አደባባዩ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። በሩ ላይ ቆማ ጓንቷን እየፈለገች «የሙሉ እናት፣ በዚህ በረዶ ወዴት? ወገብ ለመስበር ከሆነ እዚሁ ደረጃው ይበቃሻል» አለችኝ። ላልነግራት ነበር። አፌ ግን እሷን ሲያይ ተፈታ፤ እንባዬም አብሮ። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና ግድግዳውን ተደገፈች። «ቆይ ቆይ። አንቺ... በአንድ ክዳን ውሃ... መርከብ ከባሕር አወጣሽ?» ሳቋ ደረጃውን ሞላው። እኔ ስንሰቀሰቅ ስታይ ደነገጠችና እጄን ያዘችኝ። «አትቀየሚኝ እናቴ። እኔም ብሆን ዘምዘሜን ነበር የማፈስበት። ወላሂ፣ እንደውም እኔ ሙሉውን ነበር የምደፋው። ነይ፣ ኖርሽኩን፣ ቋንቋቸውን፣ እኔ እናገርልሻለሁ፤ ሱቁ ዛሬ ዘግይቶ ቢከፈት ቲማቲሙ አይሞት።»

ቲባኔው ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ መስኮቱን አያለሁ። ዘይነብ ስለ ሱቋ ታወራኛለች፤ የኪራይ መወደድ፣ ምስር የሚያመጣላት ሰውዬ ዋጋ መጨመሩ፣ ልጇ ሰብሪና በአማርኛ ስታናግራት በኖርሽክ መመለሷ፤ እንዳላስብ ብላ መሆኑ ገብቶኛል። ቶየን ላይ ሲቆም በሩን አየት አድርጋ ሳትወርድ ቀረች። የባቡሩ ወለል በእግሬ ውስጥ ይነዝራል። ስንት ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ፣ አስተውዬው አላውቅም። ዛሬ ግን ከጫማዬ ስር ገብቶ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ይሄስ የተበየደበት ቦታ አለው አይደል? ይሄንስ ማን አይቶታል? እላለሁ በልቤ። ከዚያ ደግሞ ሙሉ ትመጣብኛለች፤ «ዝም በይ»። ከዚያ ብሩኬ በፎጣ የሸፈነችው ፊቷ። ወርደን በበረዶው ላይ ሽቅብ ስንሄድ ዘይነብ ክንዴን ይዛ «ቀስ፣ ቀስ፣ አንቺ ብትወድቂ ለማን እናስረዳለን» ትለኛለች።

መሥሪያ ቤቱ መስታወት ብቻ ነው። ውስጡ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል፤ ግን ወለሉ ላይ እንጀራ ብትጥል አንስተህ የምትበላበት ዓይነት ንጹሕ ጋራዥ። አንድ ትልቅ የተቆረጠ ብረት ጠረጴዛ ላይ እንደ ሥጋ ተጋድሟል። ዘይነብ በር ላይ ላለው ልጅ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ብቻ ስብሰባ አለ ቢልም አሳለፈን። በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። ብሩኬ ከጠረጴዛው በአንድ በኩል ብቻዋን፤ ከወዲያ በኩል አለቃዋ ኤሊ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ያሳጠረች ሴት፤ ከእሷ አጠገብ የመርከቧ ባለቤቶች የላኩት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ ሰውዬ። ብሩኬ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከትታለች። ስታጠፋ ሳይሆን ስትፈራ ነው እንደዚያ የምታደርገው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ።

ስታየኝ ብድግ አለች። «እምዬ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተ። ተርጉሚልኝ» አልኳት። ሐኪም ቤት ብሄድ፣ የድጎማ ቢሮው ናቭ ብሄድ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ኮሙኑ ብሄድ፣ ጠረጴዛው ሳይደርስላት ጀምሮ አስተርጓሚዬ እሷ ናት፤ እና ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ኤሊ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች፤ ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። «ያን ቅዳሜና እሁድ ጠርሙሶቹ እኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ በያት» አልኩ። ብሩኬ ዞር ብላ አየችኝ። ይሄን አልነገረቻቸውም ነበር። ልትተወው ትችል ነበር፤ ሌላ ነገር ብላ ልትሸፍነው ትችል ነበር፤ እኔ በምን አውቅባታለሁ? ወደ ኤሊ ዞረችና ተረጎመችው። የሰውዬው ቅንድብ ወደ ላይ ሲሄድ፣ እንዳለ እንደተረጎመችው ገባኝ። «ቀጥዪ እምዬ» አለችኝ በቀጭን ድምፅ። «ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ከፍቼ ጠበል ጨመርኩበት» አልኩ።

አልተረጎመችውም። ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው፤ ግን እኔን እያዩ አይመስለኝም። ኤሊ «ያ?» አለች፤ «አዎ፣ ከዚያስ?» ማለቷ ነው። ዘይነብ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው፤ ከመሃሉ «ቫን» የምትለውን፣ ውሃ ማለት መሆኑን ብቻ ለየሁ፤ አንድ ጊዜ በእጇ ጸሎት አሳየች፤ አንድ ጊዜ እኔን እየነካች ሰውነቷን አንቀጠቀጠች፤ የታመመ ሞተር ማለቷ ነው። ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ሳቀ። ሳቁን ኤሊ ስታየው አቆመው። ሻርፑን ፈትቼ ጠበሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ኤሊ ክዳኑን ከፈተች፤ አሸተተች፤ ፊቷ ተለወጠ። በሩን ከፍታ «ቴዎ!» ብላ ተጣራች፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣ። እሱም አሸተተና ግንባሩን በመዳፉ መታ። ዘይነብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዘይቱን የመረመረው እሱ ነው፤ ውሃው የባሕርም የቧንቧም ስላልመሰለው ሲገረም ነው የሰነበተው፤ የሆነ ማዕድን አለው፣ ኦስሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ውሃ የለም እያለ ነው» አለችኝ። ጠርሙሱን ይዞ ሄደ። ብሩኬ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ኤሊ የሳበችልኝ ወንበር ላይ። መሃላችን አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ውቅያኖስ መሰለኝ።

ቴዎ ሲመለስ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የነቀነቀው። አንድ ነው። ውሃው የእኔ ጠበል ነው። ልቤ «ተመስገን» ልትል ስትል ሰውዬው የካፖርቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ዘይነብ ንግግሩን ስትሰማ ክንዴን የያዘችበት እጇ ጠበቀ። «ምን አለ?» «ውሃው ከባሕር ካልገባ መርከቧ ደህና ናት አለ። ነገ ጠዋት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች አለ።» ያን ጊዜ ነው ብሩኬ ከተቀመጠችበት የተነሳችው። ስታነጋግራቸው የነበረው ቀጭን ድምፅ የለም። አንድ ወረቀት መሃል ላይ ዘርግታ፣ እንደ ተራራ ወጣ ገባ የሚሉ መስመሮች ያሉበት፣ አንዱ ጫፍ ላይ ጣቷን አድርጋ ደጋግማ መታችው። «ብየዳው» ነው የምትለው፤ ቋንቋውን ባላውቅም ጣቷን አውቀዋለሁ። ሰውዬው ወደ በሩ አየ። ያኔ ነው የገባኝ፤ በሁለት እጄ ይዤው የመጣሁት ነገር ሁለት ስለት እንዳለው። ልጄን ከስም ማጥፋት አወጣሁ ብዬ፣ መርከቧን ይዞ ያቆማትን ብቸኛውን ገመድ በጥሼላቸዋለሁ። ሰው የምትጭን መርከብ! «ዘይነብ፣ ምን አደረኩ?» አልኳት። «ዝም በይ እናቴ፣ ስሚ።»

ኤሊ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ አየችው። ከዚያ ለሰውዬው ቀስ ብላ፣ ግን ቃል ቃሉን እየረገጠች ተናገረችው። ዘይነብ እኩል እኩል ተረጎመችልኝ። «ልጅቷ ውሃውን አልጨመረችም። ስለዚህ አልዋሸችንም። ፍሪጁን እንኳ፣ መደበቅ ስትችል፣ በገዛ አፏ ተርጉማ ነገረችን። ያልዋሸ ሰው የለካውን ትቼ መሄድ እኔ አልችልም። ሞተሩ እንደሆነ ዛሬ ቆሟል፤ ቀዝቅዟል። ነገ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ያ ጥግ ቀለሙ ይፋቅ። ቴዎ አሁን አብሮህ ይሄዳል።» ሰውዬው ተከራከረ፤ ሰዓቱን አሳየ፤ ስልኩን አውጥቶ ኮሪደር ላይ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ እጁን አወናጨፈና ቴዎን ተከትሎት እንዲመጣ ጠቆመው። ብሩኬ ለመሄድ ብድግ ስትል ኤሊ «ናይ»፣ አይሆንም፣ አለቻት። እሷ እንድትነካው አልፈለገችም፤ ነገ ደግሞ ራሷ ነች የሠራችው እንዳይባል። ሊፍቱ በር ላይ ብሩኬ ሸኘችን። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ሊፍቱ ተዘጋ።

ሙሉ ስትገባ ከፊቴ አወቀች። «ተናገርሽ አይደል?» «ያ» አልኳት። ካፖርቷን ሰቅላ ድንች አወጣችና መላጥ ጀመረች። የላጠችው ድንች ለሦስት ሰው ቀርቶ ለሠርግ ይበቃል። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ የላጠችውን አጠብኩ። ውጭው ጨልሟል፤ የካቲት ነው፣ እዚህ ጨለማ ሰዓት አያውቅም። ስለ አየሩ አንድ ነገር አለች፤ እኔም አንድ ነገር አልኩ፤ ሁለታችንም ያልነውን አልሰማነውም። ብሩኬ ቁልፏን ስታዞር ሁለታችንም እጃችን ድንቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ገብታ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኳን አስቀምጣ ተቀመጠች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሦስታችንም ስልኩን እናያለን፤ እንደ ሕመምተኛ።

ሲጮህ ሙሉ ቢላዋውን ጣለች። መልእክት ነው፤ ብሩኬ ከፈተችውና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ፎቶ ነው። ብረት ላይ የተነፋ ነጭ ነገር፣ በነጩ መሃል ቀጭን ቀይ መስመር፣ እንደ ተቦጨረ ቆዳ። «ደም ነው?» አልኩ፤ ሌላ ምን ልል? «ቀለም ነው እምዬ። ብረቱን ፍቀው ቀይ ቀለም ይቀቡታል፤ ይጠርጉታል፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነፉበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የተደበቀው ቀይ ወደ ነጩ ይወጣል።» «ምን ያህላል?» «ክንድ ይሆናል። ያልኳቸው ቦታ ላይ ነው። ልክ እዚያው ላይ።» ሙሉ ሁለት እጇን አንስታ ለእልልታ ምላሷን እያዘጋጀች «ጠበሉ ነው! እማ፣ ጠበሉ ነው እኮ!» አለች፤ ጠዋት ዝም በይ ያለችኝ ልጅ! «ናይ እማ፣ ተይ» አለች ብሩኬ። «ጠበሉ አይደለም። ብየዳው ነው። ናሙና ቤቴ ማሳደሬ ደግሞ ተጽፎብኛል፤ ከእንግዲህ ጠርሙስ አልይዝም። ልክ ናቸው።» የሙሉ እጆች አየር ላይ ቀሩና ቀስ ብለው ወደ ድንቹ ተመለሱ።

እኔ እልልታ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ያለፈው በጋ ነው። ብሩኬ ያቺን መርከብ ልታሳየኝ ብላ ከማኅበራችን ሴቶች ጋር በፊዮርዱ ላይ ወስዳን ነበር፤ ፀሐይ ነበረ፤ አይስክሬም ይዘን፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ወንበሩ ከስሬ ሲንቀጠቀጥ ወገቤን የሚያሸኝ መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ፣ ጠጋ ብዬ ተቀምጬ ነበር። «ያቺው ናት?» አልኳት። «ያቺው ናት» አለች ዓይኗን ከፎቶው ሳታነሳ። ከዚያ «እምዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «ሌሎቹንስ ጠርሙሶች?» «ክዳናቸው ጠነከረብኝ እንጂ ሁሉንም ነበር» አልኩ። ምን ልዋሽ? ተመለከተችኝ። ሁሉንም ብነካቸው ኖሮ የሚታመን አንድም ጠርሙስ እንደማይቀራት ከፊቷ አነበብኩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች፤ ጠርሙሶቿ ቆመውበት የነበረውን ባዶ ቦታ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ያለውን፣ ቆማ ታየው ጀመር። ብርዱ እግራችን ድረስ መጣ። «ዝጊው ብሩኬ፣ ወተቱ ይበላሻል» አልኳት። አልሰማችኝም። ሄጄ በሩን ራሴ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት፤ መዳፌ የፍሪጁ ጎን ላይ አረፈ። ይነዝራል። ቀስ ብሎ፣ ከውስጥ፣ ሳያቋርጥ። ስንት ዓመት አጠገቡ ጎመን ስከትፍ አንድ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ሙሉ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «የዚህንስ ውስጡን ማን አይቶታል?» አልኳት፤ እጄን ማንሳት አቃተኝ።